የቀሐው ቤት ሻጋታ

ደርባን፣ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ ለመሪጌታ ወልደኢየሱስ፣

ከሕንድ ውቅያኖስ ዳር ሆኜ ጉልበትዎን እየሳምሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የደብሩ ታቦት ይጠብቅዎ፤ ዓይንዎን የሸፈነውን ሞራ ይግፈፍልዎ። እኔ በአምላክ ቸርነት ደኅና ነኝ።

ባለፈው በስልክ ድምፄን ከፍ ስላደረግሁ «ከዛሬ ጀምሮ የምትይውን በወረቀት በይኝ፤ ወረቀት አይጮኽም» ማለትዎን ሰምቻለሁ። ይሁን። ወረቀቱን የምታነብልዎ ግን የልጅ ልጅዎ ምስጢር ስለሆነች የቀረው ለእሷ ነው።

ምስጢር፣ እንዳለ አንብቢላቸው፤ ከራስሽ እንዳትጨምሪ። የላክሽውን ፎቶ አየሁት። የአባቴ ቤት ግድግዳ ከወገብ በታች ጥላሸት የተቀባ መስሏል። አፈርሁ። እኔ እኮ እዚህ አሥራ አንድ ሠራተኛ ይዤ የሰው ቤት የማጸዳ ሴት ነኝ። ደርባን አየሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ የሚለጠፍ አገር ነው፤ እኔ ባጸዳሁት ቤት ግን ሻጋታ የሚባል ነገር ዝር አይልም። ያውም ያለ በረኪና፣ ያለ ምንም ኬሚካል። ደንበኞቼ ለወንዙና ለዓሣው፣ ለልጆቻቸውም ሳንባ የሚጨነቁ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ በረኪና እንዳትነኪ። በመንገደኛው እጅ መርጫ ጠርሙስ ልኬልሻለሁ። አንድ እጅ አቼቶ በአንድ እጅ ውኃ አድርጊና ጠዋት ማታ እርጪበት። አንድ ሰዓት ቆይተሽ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። ፀሐይ ብልጭ ባለ ቁጥር መስኮት ክፈቱ። እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ አታስጡ። ይኸው ነው፤ ሰነፍ ካልሆኑ በቀር ማንም ይችለዋል። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በሷ ጊዜ ይህ ቤት ሸጋ ነበር።

ለጥምቀት ከእንግዶቼ ጋር እመጣለሁ። ከዚያ በፊት የእናቴ ወገን የሆነው ስማቸው የሚባለው የኮላ ድባ እህል ነጋዴ በመስከረም መጨረሻ መጥቶ ቤቱን ያየዋል። ግድግዳው እንዲህ እንደ ጠቆረ ካገኘው አጎቴን ከከተማው ውጭ፣ ፀዳ ላይ፣ ቤት ተከራይቼ አስገባቸዋለሁ፤ የአባቴን ቤት ግን እዘጋዋለሁ።

እንኳየሁ


ጎንደር፣ ቀሐ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ እንኳየሁ፣

«ባሕር ማዶ ያለሽው ልጄ፣ በምትረግጪው መሬት ሁሉ መልአክ ይቅደምሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ» ይላሉ አባባ። እኔም አሜን ብያለሁ።

ደብዳቤዎን እንዳለ አነበብሁላቸው። ከራሴ የጨመርሁት ድምፅዎን ብቻ ነው። አባባ ደንገጥ ብለው «እንዲህ አድርጋ ትጮኻለች እንዴ?» አሉኝ። «ቀንሼልዎ ነው» አልኋቸው።

አሁን ወደ አቼቶው። ስምንት ቀን ሙሉ ረጨሁ፣ ጠረግሁ። ቤቱ የሰላጣ ሳህን ሆነ። ጎረቤታችን እማማ ወለተ ሚካኤል በሩ ላይ ቆመው አፍንጫቸውን ይዘው «ምነው ልጄ፣ ጾሙ እስኪፈታ ሰላጣ ብቻ ነው እንዴ የምታበያቸው?» አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሻጋታው ለቀቅ ብሎ ነበር። የእርስዎን ሙያ አልክድም። በዘጠነኛው ቀን ግን አባባ ጠሩኝ።

«ይኼ የሚሸተው ምንድን ነው?»

«አቼቶ ነው አባባ።»

«አቼቶ ምንድን ነው?»

«ሆምጣጤ።»

መቋሚያቸውን አንድ ጊዜ መሬቱ ላይ መቱ። የአባባን መቋሚያ ያውቁታል፤ ከእርስዎ ጩኸት ይከብዳል። ከዚያ «ለጌታችን በመስቀል ላይ ሆምጣጤ ያቀረቡለት ሰቃዮቹ ናቸው» አሉ። «አርባ ዓመት ስሙን የጠራሁበትን ቤት በሰቃዮቹ መጠጥ አላሳጥብም።»

እኔ ቁጣ ነው፣ ያልፋል ብዬ ጠርሙሱን እዚያው መስኮቱ ላይ ተውሁት። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ግድግዳው እርጥብ ነው፤ ሽታ ግን የለም። ጠርሙሱም ሁልጊዜ ሙሉ ነው። አንድ ቀን ቀርቼ በበሩ ስንጥቅ አየሁ። አባባ አቼቶውን ጓሮ ደፍተው ጸበል ሞልተውበታል! ግድግዳውን በአንድ እጃቸው እየዳበሱ፣ ዳዊት እየደገሙ፣ በሌላው እጃቸው ፍስስ! ፍስስ! አንድ መዝሙር ሲያልቅ አንድ ክንድ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ይላሉ። እትዬ፣ ግድግዳዎ አንድ ሳምንት ሙሉ በቀን ሦስት ጊዜ ተጠምቋል። ሻጋታው በዚህ ቤት ውስጥ እንደሱ የለመለመ የለም።

የያዛቸው ሳል ግን አያስቅም። ፀዳ የሚለውን ሲሰሙ ምሳቸውን ትተው ተነሡ። ከዚህ በር እስከ ደብሩ ስልሳ ሦስት እርምጃ ነው፤ ዓይናቸው ባያይ እግራቸው ቆጥሮ ይዞታል። ከፀዳ ግን በምን ይመጣሉ? ማኅሌት ሳይቆሙ ከሚውሉ ቢሞቱ ይመርጣሉ። እኔም ከሚሞቱ ከእርስዎ ጋር ብጣላ እመርጣለሁ።

ምስጢር


ደርባን፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ጤና ይስጥልኝ፤ ለአንቺ ደግሞ ልጓም ይስጥልኝ።

አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላሽ ከእናትሽ እኩያ ጋር እንዲህ መጻፍ ማን አስተማረሽ? እኔ በአንቺ ዕድሜ ታላቄ ፊት ቀና ብዬ ውኃ አልጠጣም ነበር። አጎቴ ይህን ሁሉ መጻፍሽን ያውቃሉ? አይመስለኝም።

አቼቶ ካልፈለጉ ሎሚ ይሁንላቸው። በሎሚ የተበደለ ቅዱስ መኖሩን አልሰማሁም። ጨምቀሽ፣ አጥልለሽ፣ በዚያው መርጫ አድርጊው። ጸበሉን ግን ለሕመምተኛ አድርጉት እንጂ ለግድግዳ አታድርጉት፤ ውኃ ውኃ ነው፤ ሻጋታ ማን እንደባረከው አይጠይቅም። አልጋውን ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቂ። ዝናብ ሲመጣ መስኮት ዝጊ፤ ሲያባራ ክፈቺ። ደግሞ በሦስት ሳፋ ደረቅ ከሰል ሞልተሽ አልጋ ሥርና ጥግ ጥጉን አስቀምጪ። ከሰል እርጥበት ይስባል። እኔ እዚህ በዚህ ዘዴ ስንት ቁም ሣጥን አድኛለሁ።

ሦስት ክፍል ማድረቅ አቅቷችሁ በእኔ ላይ በወረቀት ታሾፉብኛላችሁ። ስማቸው በተባለው ቀን ይመጣል። አላሾፍሁም።

እንኳየሁ


ጎንደር፣ ቀሐ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ እንኳየሁ፣

«የአባትሽ አምላክ በገባሽበት ይግባ፣ በወጣሽበት ይውጣ» ብለዋል አባባ። ልጓሙም ደርሶኛል፤ ትንሽ ይጠባል።

ሎሚ ጨመቅሁ። አርባ ሎሚ። ጣቴ ላይ ያሉትን ቁስሎች ሁሉ በስም አወቅኋቸው። ሻጋታው ደበዘዘ፤ በሳምንቱ ተመለሰ፤ እንደ ዘመድ፣ ሳይጠራ።

ከሰሉስ? ከሰሉን እንዳሉኝ በሦስት ሳፋ አድርጌ አንዱን አልጋ ሥር አስቀመጥሁት። ለአባባም ነገርኋቸው። አባባ ግን ሲነሡ ረሱትና አንድ እግራቸውን እስከ ቁርጭምጭሚት ከተቱት። እግራቸው መጥቆሩን ግን አላወቁም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ሄዱ። ጫማቸውን አውልቀው ቅኔ ማኅሌቱ ገቡ። ቄሰ ገበዙ ምንጣፉ ላይ ያለውን ጥቁር ዱካ እየተከተሉ ከደብሩ በር እስከ አባባ እግር፣ ከአባባ እግር ደግሞ እስከ እኛ ቤት መጡ። «የማን ሥራ ነው?» አሉኝ። «ደርባን ያለች ዘመዳችን ናት» አልሁ። ስምዎ በደብሩ ታውቋል። ምንጣፉን ያጠብሁት ግን እኔ ነኝ፤ በእንዶድ፣ ያለ ኬሚካል። ደስ ይበልዎ።

አሁን ሳልቀልድ አንድ ነገር ልጻፍ።

ጓዳችን ደረቅ ነው። በርበሬው አልሻገተም፤ ሽሮው አልጓጎለም። ለምን ጓዳው ብቻ? ብዬ በየክፍሉ አንድ አንድ ሲኒ ጨው አስቀመጥሁ። በሦስተኛው ቀን የሦስቱ ክፍሎች ጨው ሟሟ። የጓዳው ጨው እንደ ነበረ ነው። ጣራው አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ ስንፍናዬም አንድ። የሚለየው ግድግዳው ነው። ጓዳው ያው የድሮው ድንጋይና ኖራ ነው። ሦስቱን ክፍሎች ግን የዛሬ ስምንት ዓመት እርስዎ መጥተው በሲሚንቶ አስለሰኗቸው፤ በላዩም አረንጓዴ ዘይት ቀለም አስቀቡት።

እማማ ወለተ ሚካኤልን ጠየቅኋቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ቤት ኖራ ሲቀቡ የኖሩ ናቸው። «ድንጋዩ ከሥር ከመሬቱ ውኃ ይጠጣል» አሉኝ። «የቀሐ ወንዝ እዚሁ ሥራችን አይደለም እንዴ? ድሮ የጠጣውን በኖራው በኩል ያልበው ነበር። እናንተ የዝናብ ልብስ አለበሳችሁትና በየት ይውጣለት? ወደ ውስጥ አላበ።»

እትዬ፣ ቢያንስ ከአባባ አልጋ ኋላ ያለውን ሲሚንቶ ላንሣው። ይፍቀዱልኝ። ማታ ማታ ሲያስሉ ደረታቸው ውስጥ ቆርቆሮ ያለ ይመስላል።

ምስጢር


ደርባን፣ ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምስጢር፣

አልፈቅድም።

የዚያን ልስን አንዲት ፍርካሽ ብታነሺ የስማቸውን መምጣት አልጠብቅም፤ በዚያው ሳምንት ትወጫለሽ። ኖራ አልሽኝ? በተደገፉት ቁጥር ጀርባ የሚያነጣ፣ በተጠረገ ቁጥር የሚራገፍ፣ የድሃ ቤት ግድግዳ! ከዚያ ያወጣኋችሁ እኔ ነኝ። ሲሚንቶ ደርባን ስንት ፎቅ ተሸክሟል፤ የአንቺን ሻጋታ ያቅተዋል? ጨው በሲኒ አስቀምጠሽ መሐንዲስ ሆንሽ? ወለተ ሚካኤልስ ኖራ ቀቢ አይደሉም እንዴ፤ ምን እንዲሉሽ ጠብቀሽ ነበር?

ግድግዳውን በሎሚ እጠቢና በላዩ አዲስ ዘይት ቀለም አስቀቢ። ቀለሙ እዚያው ይገኛል። አጎቴን ሐኪም አሳዩ።

ስማቸው መስከረም 25 ይመጣል። ቁልፍ ይዞ ይመጣል።

እንኳየሁ


ጎንደር፣ ቀሐ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ እንኳየሁ፣

የዛሬው ደብዳቤ ምርቃት የለውም። አባባ ደብዳቤ መጻፌን አያውቁም።

የዘገየሁት በዚህ ምክንያት ነው። ነሐሴ 18 አባባ ትንፋሽ አጠራቸውና ሆስፒታል ተኙ። አራት ቀን። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ጀርባቸውን አዳምጣ «የት ነው የሚተኙት?» አለችኝ። ስለ አልጋው ልነግራት ስጀምር «አልጋውን አይደለም፣ ክፍሉን ንገሪኝ» አለች። ነገርኋት። «ወደዚያ ክፍል ከመለሻቸው ወደኔም ትመልሻቸዋለሽ፤ ያኔ ደግሞ ቃል አልገባልሽም» አለችኝ። «ሐኪም አሳዩ» ብለው አልነበር? አሳየን።

ስለዚህ ጓዳ አስተኛኋቸው። በሽሮው ማሰሮና በሽንኩርቱ መካከል። የደብሩ መሪጌታ! ሊጠይቋቸው የሚመጡት ካህናት እየተራቡ ይመለሳሉ። አባባ በርበሬው ያስነጥሳቸዋል፤ ሳሉ ግን በአራተኛው ቀን ቀነሰ። በሰባተኛው ቀን ሌሊቱን ሙሉ ተኙ። እኔ ግን ዝም ሲሉብኝ ፈርቼ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ አፍንጫቸው ሥር እጄን አደረግሁ።

ክረምት ሙሉ ሽማግሌ በጓዳ አይኖርም። መሮና መዶሻ ተዋስሁ።

አዎ፣ አፈረስሁት። ከአልጋቸው ኋላ ያለውን ሙሉውን፤ ከላይ እስከ ታች። ሲሚንቶው እንደ ደረቀ ቂጣ በትልልቁ ነው የተላቀቀው፤ አረንጓዴው ቀለም ከፊቱ፣ ውኃው ከጀርባው። ድንጋዩን በእጄ ነካሁት፤ ትኩሳት እንደለቀቀው ሰው ላብ በላብ ነበር። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ዝናቡ ሳያቆም እንኳ ከላይ ወደ ታች እየነጣ እየደረቀ ነው። አቼቶ የለም፣ ሎሚ የለም፣ በረኪና የለም። ለዓሣው ይንገሩልኝ።

አባባ ሲቀጠቀጥ ሰምተው «ምንድን ነው?» አሉኝ። «ጎረቤት ቤት እያደሰ ነው» አልኋቸው። «ሸጋ ነው፣ ይበርቱ» አሉ።

ስለዚህ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቢያስወጡ እኔን ያስወጡ። እኔ ፀዳም፣ አዘዞም፣ የትም እሆናለሁ።

ምስጢር


ደርባን፣ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመሪጌታ ወልደኢየሱስ ብቻ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ። ታመው ተኝተው እንደነበር ከአንዲት ልጅ ደብዳቤ፣ ከስድብ መካከል ለቅሜ አወቅሁ። ይህም ቆጭቶኛል።

ይህን የሚያነብልዎ ስማቸው ነው፤ ምስጢር እንዳታነበው አዝዣለሁ። በእርስዎ ስም የመጡልኝን ደብዳቤዎች በሙሉ አብሬ ልኬአለሁ። አንድ በአንድ ያንብብልዎ። የእርስዎ ምርቃት የት ላይ እንደሚያልቅ፣ የእሷ ምላስ የት ላይ እንደሚጀምር ይስሙት። እኔን በደብሩ ፊት መሳቂያ አድርጋኛለች። ከልክያት ሳለ የአባቴን ቤት በመዶሻ አፍርሳለች። ለእርስዎ ደግሞ ዋሽታለች።

እንዲህ ካደረገች በኋላ በዚያ ቤት እንድትቀመጡ አልፈቅድም። ቁልፉ ስማቸው ዘንድ ነው። ፀዳ ሁለት ክፍል ቤት ተገኝቷል።

እንኳየሁ


ጎንደር፣ ቀሐ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለእንኳየሁ፣

የወንድሜ ልጅ፣ እንጀራሽ አይጉደል፤ ደጅሽ አይዘጋ።

ይህን የምናገረው እኔ ወልደኢየሱስ ነኝ። የምትጽፈው ምስጢር ናት። ስማቸው ከትከሻዋ በላይ ቆሞ የምለውንና የምትጽፈውን ያስተያያል። አንድ ቃል ብትጨምር በመቋሚያዬ ጫፍ እንዲነካት አዝዤዋለሁ። እስካሁን ሁለት ጊዜ ነክቷታል።

ደብዳቤዎቹን ሰማሁ። በእኔ ምርቃት አፍ እየከፈተች የራሷን ስትዶል እንደ ኖረች አወቅሁ። ስለ ከሰሉ ዱካ ቄሰ ገበዙ እንኳ ያልነገሩኝን ለአንቺ ከጻፈችው ደብዳቤ ሰማሁ። መቶ ሃምሳ ስግደት አዝዣታለሁ፤ ስለ ውሸቷ ሌላ ሃምሳ። በሁለት ቦታ ግን ሳቅ አመለጠኝ። የት እንደሆነ አልነግርሽም።

ስለ ጸበሉ እውነት ነው። ማየት የተሳነው ሰው እጁ የዳበሰውን ያምናል። ግድግዳው በእጄ ሥር እየለሰለሰ ሲመጣ ልቡ የራራ መስሎኝ ነበር። ለካ እየበሰበሰ ነው።

ቤቱ የወንድሜ ነበር፤ ዛሬ ያንቺ ነው። ውጡ ብለሻል፤ እንወጣለን። አልለምንሽም። ልጅቱ የገለጠችውን ግድግዳ ራቁቱን ትቼልሽ ግን አልሄድም። የቀሩት ሁለት ክፍሎች ሲሚንቶ እንዲነሣ አድርጌአለሁ፤ ይህ የእኔ ትእዛዝ ነው፤ ቁጣሽን ወደ እኔ አዙሪው። ወለተ ሚካኤል ኖራውን በበርሜል አሰናድታለች። ሦስት እጅ ይቀባል። ከዚያ የበሩን መክፈቻ ለስማቸው እሰጣለሁ። ደረቅ ቤት ትረከቢያለሽ። ከቂም ሁሉ የሚሻለው ንጹሕ ቤት አስረክቦ መሄድ ነው።

ወልደኢየሱስ

(እኔ ስማቸው ነኝ። እንኳየሁ፣ በወረፋዬ ልናገር። ለአምስት ቀን ብዬ መጥቼ እኔም እዚሁ ተኛሁ፤ ለቅዳሜ ገበያ ያመጣሁትን ሁለት ኩንታል ሽምብራ ሁለት ቦታ አቆምሁት። አንዱን ሲሚንቶው ያልተነሣበት ክፍል፣ አንዱን አያ መሪጌታ ክፍል፣ ልጅቱ ባፈረሰችው በኩል። በአምስተኛው ቀን እጄን ከተትሁ። የአያ መሪጌታው በጥርስ ሲሰበር ቋ! ይላል። የሲሚንቶው እንደ ተነፈረ ይላመጣል፤ ጆንያውም ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ነው የለቀቀው። ገበያው ላይ ማንም አልነካልኝም። ሃያ ዓመት እህል አስቀምጫለሁ፤ የምታስቀምጪበትን ቤት አታውቂም ቢሉኝ እሞታለሁ። ስለዚህ ቁልፉን በሩ ላይ አላደርግም። ራስሽ መጥተሽ አድርጊው። ሽምብራዬን ደግሞ አስቢልኝ።)


ደርባን፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

ጉልበትዎን እስማለሁ። የቀረውን ለልጅቱ ነው የምጽፈው፤ እርስዎም ይስሙት።

ምስጢር፣

እኔን በኖራ የምታስተምሪኝ አንቺ ማን ነሽ? እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አባቴ በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ በርሜሉን ጓሮ ያስቀምጥልኝ ነበር። ወንድሞቼ ከብት አላቸው፣ ዳዊት አላቸው፤ ግድግዳው የእኔ ነው። ኖራው ሲፈላ በጭራሮ አማስለዋለሁ፤ የተጠቀለለ ጨርቅ በባዶ እጄ እየነከርሁ እቀባዋለሁ። ውጭውን ሦስት እጅ፣ ውስጡን ሦስት እጅ። ጣቶቼ ይላጣሉ። የቅዱስ ዮሐንስ ዕለት እኩዮቼ አበባ ይዘው እያጨበጨቡ በየቤቱ ሲዞሩ፣ እኔ ማጨብጨብ አልችልም ነበር። አንድ ዓመት ሞከርሁ፤ ደሙ አበባው ላይ ታየ። ሰዎቹ ቤታችንን አይተው «እንዴት ያማረ ነጭ ነው!» ይሉ ነበር። አባቴም «አዎ» ይል ነበር።

ያን ሲሚንቶ ያስለሰንሁት ለማማር አይደለም። ኖራው ዳግመኛ እንዳይታየኝ ነው። ግድግዳው ወደ ውስጥ እንደሚያልብ ቀድሜ አውቅ ነበር ወይ ብትይኝ፣ እዚህ ለደንበኞቼ «ቤት ይተንፍስ» እያልሁ ነው የምኖረው። ይህን ለማንም ብትናገሪ ግን አልምርሽም።

አሁን ፍርዴን ስሚ። አትወጡም። ምሕረት እንዳይመስልሽ፤ ቅጣት ነው። አጎቴ በሕይወት እስካሉ ድረስ፣ በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ ያን ቤት የምትቀቢው አንቺ ነሽ። ወለተ ሚካኤልን አትልኪ፤ ራስሽ። ሦስት እጅ። እንግዶቼን ለጥምቀት ሆቴል አሳርፋቸዋለሁ፤ እኔ ግን እመጣና በጣቴ ጠርጌ አየዋለሁ።

የስማቸውን ሽምብራ እኔ እችላለሁ፤ ንገሪው፤ ሁለተኛ ደግሞ በእኔ ደብዳቤ ላይ ቅንፍ አያስገባ።

ጓንት ልኬአለሁ። ወፍራም ላስቲክ ነው፤ እስከ ክንድ ይደርሳል። ለአንቺ አዝኜ አይደለም። ሰበብ እንዳታገኚ ነው።

እንኳየሁ


ጎንደር፣ ቀሐ፣ ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ እንኳየሁ፣

አባባ የዛሬውን ምርቃት ረጅም አድርገውታል፤ አንድ ገጽ ሙሉ ነው፤ በሌላ ወረቀት ገልብጬ አያይዤዋለሁ። ይህ ገጽ የእኔ መሆኑን ያውቃሉ። ፈቅደዋል። አያ ስማቸውም የሽምብራውን ሰምቶ መርቆዎታል፤ በቅንፍ።

የጽዮን ማርያም ዕለት አባባ ማኅሌቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሙ። እኔ ከሴቶቹ በኩል ሆኜ ሳል ስጠብቅ ዜማውን ሳልሰማው አለቀ። አንድ ጊዜ እንኳ አላሳሉም። ወደ ክፍላቸው ተመልሰዋል፤ ሲኒዋ ውስጥ ያለው ጨው ደረቅ ነው።

ፍርድዎን ተቀብያለሁ። ስለ እጅዎ ያነበብሁትን ከአባባ በቀር ለማንም አልተናገርሁም። ሦስተኛውን እጅ ትናንት እኔው ጨረስሁ፤ እማማ ወለተ ሚካኤል ወንበር ላይ ተቀምጠው «እዚያ ጋ ዘለልሽ፣ እዚያም ጋ ዘለልሽ» ሲሉኝ ዋሉ። ድምፃቸው የእርስዎን ይመስላል።

ጓንቱ ደርሶኛል። ሁለቱም የግራ እጅ ነው። አውቀው ይሁን ተሳስተው፣ አባባ እንዳልጠይቅዎ ከልክለውኛል። ስለዚህ አልጠየቅሁም። አንዱን ገልብጬ ለቀኝ አደረግሁት።

ምስጢር